አርባ ሰባተኛው ስም

ከሮብ ገበያ
መጋቢት 12 ቀን

ለማከብርዎ ለእታለም
ካሉበት ቁይ

እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ባለፈው ዓመት ከቁይ ገበያ የመጣች ሴት በከዘራ መሄድ ጀምረዋል ብላ ስትነግረኝ ያ ፈጣን እርምጃዎ ትዝ አለኝና ቀኑን ሙሉ እጄ ሥራ አልይዝ አለኝ። ዓይንዎስ ያያል? እዚያ ብርዱ እንደ እኛ አገር አይከፋም ይላሉ። እኛ ዘንድ ዘንድሮ ውርጭ ድንቹን ሁለት ጊዜ መትቶታል፤ ከእህሉ እንግዶው ግን እንደ ልማዱ ችሎ ቆሟል። እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በእግሬ እሄዳለሁ። ስለ ራሴ ጤና ከዚህ የበለጠ ብጽፍልዎ ውሸት ይሆንብኛል።

ከእኔ ደብዳቤ ይመጣል ብለው እንዳልጠበቁ አውቃለሁ። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቃል አልላክሁም። በስልክ ልንገርዎ አስቤ ነበር፤ ስልኩ አንድ ሳምንት ሠርቶ ሁለት ሳምንት ይጠፋል። ቢሠራም እንኳ ድምፅዎን ስሰማ ከምናገረው ግማሹን እውጠው ነበር። ወረቀት አይውጥም። መንገዱ ሲከፈት ወደዚያ ለሚመጣ ሰው እሰጠዋለሁ።

የሚያነብልዎ ሰው የግቢዎ ባለቤት ባለሱቋ ሸሪፋ እንደምትሆን ሰምቻለሁ። ስለዚህ አንድ ቃል ለእሷ። ሸሪፋ እህቴ፣ በዓይን አላውቅሽም፤ እታለምን ከግቢሽ ያስጠጋሽ ሰው ነሽና አምንሻለሁ። የተጻፈውን ሁሉ አንብቢላቸው። ቢቆጡ አትዝለይ። ቢያለቅሱ አትዝለይ። አንቺ ራስሽ ብታፍሪም አትዝለይ። ስትጨርሺ ደግሞ ፊደል የሚያውቅ ሌላ ሰው ጠርተሽ እንደገና ይነበብላቸው። ለምን እንደምለምንሽ ወደ ታች ታገኚዋለሽ።

እታለም፣ ነገሬን ከቅርቡ ልጀምር።

የካቲት መግቢያ ላይ የቀበሌው ሊቀ መንበር ከቤቴ መጣ። የክልሉ ምክር ቤት ስለ ገጠር መሬት አዲስ ሕግ ሊያወጣ እንደሆነ፣ ከመጽደቁ በፊት ሕዝብ አስተያየት እንዲሰጥበት ደብረ ማርቆስ ላይ ስብሰባ እንደተጠራ፣ ከየቀበሌው አንድ ወንድና አንዲት ሴት እንደሚሄዱ ነገረኝና ከሴት አንቺ ተመርጠሻል አለኝ። ለምን እኔ ስለው፣ «ሌላዋ ብትሄድ የሰማችውን ብቻ ይዛ ትመጣለች፤ አንቺ የተጻፈውንም ታዪልናለሽ» አለ። በምስጋና መልክ ነበር የተናገረው። ረቂቁን ትቶልኝ ከሄደ በኋላ ደጃፌ ላይ ብዙ ተቀመጥሁ።

በዚያው ሳምንት ልጄ ውበቱ መጣ። እርስዎ በጀርባዎ ያዘሉት ውበቱ ዛሬ የሁለት ልጆች አባት ነው። ስለ ረቂቁ ከተማ ሰምቶ ኖሮ፣ «እማ፣ ሠላሳ አንደኛውን አንቀጽ እስቲ አንብቢልኝ» አለኝ። አነበብሁለት። በሕዝብ ፊት ተነብቦ፣ በወቅቱ ተቃውሞ ሳይቀርብበት የተመዘገበና ዐሥራ አምስት ዓመት ያለፈው የመሬት ይዞታ ላይ ማንም ሰው ክርክር ማንሣት አይችልም ይላል። እንደገና አንብቢው አለኝ፤ እንደገና አነበብሁት። ከዚያ እንደ ልጅነቱ ሳቀ። «በቃ ምንጭ ዳር የእኛ ናት ማለት ነው። ስትሄጂ ይህቺን አንቀጽ ደግፊልኝ፤ የቀረውን እንደፈለጉ ያድርጉት» አለ።

ምንጭ ዳር ማለት የትኛዋ እንደሆነች ለእርስዎ አልነግርዎትም። ለሸሪፋ ግን ልንገራት። እታለም ከባላቸው ተፋትተው ወደ አባታቸው ቤት ሲመለሱ አባታቸው የሰጧቸው ሁለት ጥማድ መሬት ናት። ከአገራችን ጭንጫ መካከል ውሃ የማይለያት እሷ ብቻ ናት። ወንድማቸው፣ ማለት ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ ታረቀኝ፣ በእኩል ያርስላቸው ነበር። ዛሬ በደብተር ላይ ያለችው በታረቀኝና በእኔ ስም ነው፤ ከደብተሩ ላይ የእኔም ፎቶ ተለጥፏል። የሚያርሳት ውበቱ ነው።

ስለዚህ ነገሩ እንዲህ ነበር። አንቀጹ እንዳለ ከጸደቀ እርስዎ ስለ ምንጭ ዳር ከእንግዲህ በየትኛውም ዳኛ ፊት አፍ አይኖርዎትም። አንድ ሰው ተነሥቶ የዚያን ጊዜው ንባብ ትክክል አልነበረም ካለ ደግሞ የውበቱ ልጆች ከሚበሉት ግማሹ ይሄዳል። ሁለቱንም አውቄ ነው የሄድሁት። ምን እንደምናገር ግን አዳራሹ ውስጥ እስክገባ ድረስ አላውቅም ነበር።

እንዲህ ያለ ስብሰባ ገብተው ስለማያውቁ እንዴት እንደሚሠሩ ልንገርዎ፤ የሆነው ነገር የሚገባዎ ያን ካወቁ ነው። ከፊት ረጅም ጠረጴዛ አለ። የምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ አባላት አምስት ሆነው ይቀመጣሉ። ሰብሳቢዋ መነጽር ያደረገች፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት ነበረች። በቀኟ ሕጉን ያረቀቀው ባለሙያ፣ በግራዋ ቃለ ጉባኤ የሚይዘው የሺዋስ የሚባል ወጣት ጸሐፊ ተቀምጠዋል። ሰብሳቢዋ መጀመሪያ እንዲህ አለች፤ «እኛ ሕግ አናጸድቅም፤ እንሰማለን። የሰማነውን ጽፈን፣ ይህ ይውጣ፣ ይህ ይስተካከል ብለን ለምክር ቤቱ እናቀርባለን፤ ድምፅ የሚሰጠው እሱ ነው። እዚህ ያልተጻፈ ነገር እዚያ አይደርስም።» ይህች የመጨረሻዋ ቃል ከሌላው ሁሉ ተለይታ ጆሮዬ ውስጥ ቀረች።

ከዚያ አንቀጽ በአንቀጽ ይነበባል። ባለሙያው ለምን እንደተጻፈ ያስረዳል። ቀጥሎ ሦስት ሦስት ሰው ተነሥቶ ሦስት ሦስት ደቂቃ ይናገራል፤ ደቂቃ የምትጠብቅ ልጅ ጊዜው ሲያልቅ ቀይ ወረቀት ታነሣለች። አንድ ሽማግሌ ገና ሰላምታቸውንና ምርቃታቸውን ሳይጨርሱ ቀዩ ወረቀት ተነሣባቸው። «ሦስት ደቂቃ? የእኔ በሬ እንኳ ከተኛበት ለመነሣት ከዚያ የበለጠ ይፈልጋል» ብለው ሰውን አሳቁት፤ የመጡበትን ጉዳይ ሳይናገሩ ተቀመጡ። ከጎኔ ማንጠግቦሽ የምትባል ከጎረቤት ቀበሌ የመጣች ጨዋታ አዋቂ ሴት ነበረች። የስድሳ ገጹን ረቂቅ እንደ ማራገቢያ ይዛ፣ «አንቺ የምታነቢው እኔ የማራግብበት፤ ሁላችንም ተጠቀምንበት» አለችኝ። ውበቱ አብሮኝ መጥቶ ከኋላ በኩል ተቀምጦ ነበር። ዞር ባልሁ ቁጥር አገጩን ነቅነቅ ያደርግልኝ ነበር፤ አይዞሽ ለማለት።

ሠላሳ አንደኛው አንቀጽ የደረሰው ከምሳ በኋላ ነው። ባለሙያው የመሬት ክርክር ፍርድ ቤቱን እንዳጨናነቀውና መቋጫ እንደሚያሻው አስረዳ። ከአማኑኤል የመጣ አንድ ገበሬ ተነሥቶ፣ «እኔ ከአጎቴ ልጅ ጋር ዘጠኝ ዓመት ተካሰስሁ። እኔ ስረታ እሱ ይግባኝ፣ እሱ ሲረታ እኔ ይግባኝ፤ እኛ ስንመላለስ መሬቱን አረም በላው። አሁን ሁለታችንም አርጅተናል። ይቁረጡልን» አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብሁ፤ እውነቱን ነበርና። እታለም፣ አንቀጹ ክፉ ሰዎች የጻፉት አይደለም። ክፋቱ ያለው እኔ የማውቀውን እነሱ ባለማወቃቸው ላይ ነበር።

እጄን ማን እንዳነሣው አላውቅም። ተጠራሁ። የማይክራፎኑ ገመድ አጭር ስለሆነ ተናጋሪ ሁሉ ከጠረጴዛው ጫፍ፣ ከጸሐፊው ፊት ለፊት ነው የሚቆመው። መጀመሪያ ከአፌ የወጣው የውበቱ ቃል ነው። ይህ አንቀጽ ለአርሶ አደሩ ዕረፍት ይሰጣል አልሁ። ከዚያ ነገር ግን ብዬ ቀጠልሁ። ስሙ ከወረቀቱ ላይ እያለ ያልተነበበለት ሰውስ እንዴት ይሆናል? ምኑን ሰምቶ ነው የሚቃወመው? አልሁ።

እየተናገርሁ ዓይኔ በጸሐፊው መዝገብ ላይ ወረደ። እኔ ፊደል የቆጠርሁት ከአባቴ ቤት ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ጋዜጣ እንደሆነ ያውቃሉ። የለጠፉት ሰዎች ፊደል ስለማያውቁ ግማሹን ዘቅዝቀው ነበር የለጠፉት። ስለዚህ የተዘቀዘቀ ጽሑፍ ለእኔ እንደ ቀናው ነው። መዝገቡ ላይ፣ «14ኛ፣ አንዲት ሴት፣ ከስናን፣ አንቀጹን ደግፈዋል» ይላል። ብዕሩን አስቀምጦ ዓይኑን እያሻሸ ነበር። ስሜ የለም። ነገር ግን ካልሁ በኋላ ያለው የለም።

በዚያች ቅጽበት የተሰማኝ ቁጣ አልነበረም። የማውቀውን ሰው ያየሁ ያህል ነው የተሰማኝ።

«ልጄ፣ የጻፍኸውን እስቲ አንብብልኝ» አልሁት። «እማማ፣ በኋላ ይስተካከላል፤ ይቀጥሉ» አለ። «አይደለም፤ አሁን አንብብልኝ» አልሁ። ሰብሳቢዋ ቀና ብላ አየችኝና አንብብላቸው አለችው። አነበበ።  እኔም፣ «ክቡራን፣ እኔም እንደዚህ ልጅ ነበርሁ» ብዬ ጀመርሁ። ከዚያ በኋላ የተናገርሁትን ለእነሱ ካልሁት አስፍቼ ለእርስዎ እጽፈዋለሁ፤ ባለቤቱ እርስዎ ነዎትና።

ያን እሑድ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ፣ ከወይራው ሥር፣ ከቅዳሴ በኋላ የተሰበሰብነውን ያስታውሱታል። መሬቱ በገመድ ተለክቶ አልቆ፣ ባለይዞታው ሁሉ ስሙ ተነብቦለት፣ ስሙ ሲጠራ ተነሥቶ «አለሁ» ብሎ ከስሙ ትይዩ አውራ ጣቱን እንዲያሳርፍ ተባለ። ስሙ ተጠርቶ አለሁ ያላለ ሰው መሬት በሚያርሰው ሰው ስም እንደሚዞር ኮሚቴው አስቀድሞ ተናገረ። አንባቢው ደብተራ ኃይለ ሚካኤል ነበሩ፤ ያን ዕለት ግን ለቅሶ ሄደው ቀሩ። የኮሚቴው ሰብሳቢ አበባው ግራ ቀኝ አየና፣ «የታረቀኝ ሚስት ታነባለች ይባላል፤ እስቲ ትሞክረው» አለ። ወንዶቹ ሳቁ። አንዱ፣ «ከድስት ሌላ ነገር ታነባለች?» አለ። ተነሣሁ።

እታለም፣ እውነቱን ልንገርዎ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የኮራሁበት ቀን የለም። አንድ ሁለት ስም ካነበብሁ በኋላ ሳቁ ቆመ። እነዚያ ትልልቅ ወንዶች ስማቸውን ከእኔ አፍ እየጠበቁ፣ እየተነሡ፣ አለሁ እያሉ ወደ እኔ መጡ። ጣታቸውን የት እንደሚያሳርፉ የማሳያቸው እኔ ነበርሁ። መቶ ዐሥራ ሁለት ስም ነበር። እርስዎ ከሴቶቹ መካከል፣ ከአጥሩ ጥግ፣ ነጠላዎን አጣፍተው ቆመው አንገትዎን ወደ ፊት ዘርግተው ያዳምጡ ነበር።

አርባ ስድስተኛውን አነበብሁ። ቀጥሎ ያለውን አየሁት። ስምዎ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል፤ የአባትዎም ስም አለ፤ ምንጭ ዳር ይላል። ከዚያ ቀደም ባለው ክረምት ልጆቼ ስለ ምን እንደሚያለቅሱ ያውቁ ነበር፤ አንዷ አልቆየችልኝም። ያንን ምክንያት ላደርገው ብዙ ዓመት ሞክሬያለሁ። ግን በዚያች ቅጽበት ትዝ ያለኝ ርኃቡ አልነበረም። ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ከምድጃው ጥግ የልጁን ደብተር ይዤ እርስዎ ሲያገኙኝ፣ «ፊደል ቀቅለሽ አብያቸዋ፤ ሌላማ ምን አለሽ» ያሉኝ ነው። ያንን ሰምተው ሰዎች የሳቁት ሳቅ ነው። ጣቴን ከስምዎ ላይ አንሥቼ ከበታቹ ላይ አሳረፍሁና አርባ ስምንተኛውን ጠራሁ። ሰውየው አለሁ ብሎ መጣ።

ይኸው ነው። ከአንድ ትንፋሽ አይበልጥም።

ወረቀቱ ለሠላሳ ቀን ከቀበሌው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። ስምዎም አብሮ ተለጥፎ ነበር፤ ከአጠገቡ ያለው ቦታ ብቻ ባዶ ነው። ሠላሳ ቀን ሙሉ ሰው በፊቱ አለፈ አገደመ። ማንም አላነበበውም፤ ተነቧላ። ከዚያ ወረዳው «ባለይዞታዋ አልቀረበችም» ብሎ ጻፈበት።

እርስዎ ንባቡ እስኪያልቅ ጠበቁ። ሰው ሲበተንም ጠበቁ። ከዚያ ወደ ወንድምዎ ሄደው፣ «አባቴን ዓምና ቀበርሁት፤ ዛሬ ደግሞ ወንድሜን» ብለውት ያንኑ ዕለት ወጡ። እኔ ሦስት እርምጃ ርቄ ወረቀት እያጠፍሁ ነበር።

ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ። መልሽ አሉኝ፤ ስግደትም ሰጡኝ። ስግደቱን ሰገድሁ፤ መመለሱን አቆየሁት። ዘንድሮ፣ ለከርሞ፣ ልጁ ይደግ፣ ልጁ ይዳር እያልሁ። ሰው ከኃጢአቱ ጋር አብሮ ማረስ፣ አብሮ ማጨድ ይለምዳል። ለልጆቼ ገንፎ ባገነፋሁ ቁጥር የምንጭ ዳር ገብስ እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ይጣፍጥ ነበር።

ወደ አዳራሹ ልመለስ። ይህን ሳወራ ቀዩ ወረቀት ተነሣ። ሰብሳቢዋ በእጇ ዝቅ አደረገችው። ከኋላ አንድ ሰው፣ «ሃያ ዓመት በልታ ዛሬ ጠገበች» አለ፤ አንዳንዱ ሳቀ። ማንጠግቦሽ ወደ ኋላ ዞራ፣ «አንተስ መቼ ልትጠግብ ነው?» ስትለው ሰማሁ። ባለሙያው ማስታወሻ ይይዝ ነበር። ሰብሳቢዋ አንቀጹ እንዴት ቢጻፍ ይሻላል ይላሉ ብላ ጠየቀችኝ። እኔም በሕዝብ ፊት ተነበበ ማለት ብቻውን አይብቃ፤ ሁለት ሰው ያንብበው፣ ዝምድና የሌላቸው፤ ከስሙ ትይዩ ጣቱ የሌለበት ሰው ካለ ዓመት አይቆጠርበት አልሁ። የሺዋስ አንገቱን ደፍቶ ሁሉንም ጻፈ። ጽፎም ሳይጠየቅ ጮክ ብሎ አነበበው። ስሜንም ጨመረበት።

ከዚያ ሰብሳቢዋ አንድ ጥያቄ ጨመረች፤ «ስሙን እንዲዘሉት ያዘዘዎት ሰው ነበረ? ባለቤትዎ ነው?» አለችኝ።

ለዚህ መልስ አልሰጠሁም። እንዴት እንደሆነ አላውቅም። ያን ሁሉ ተናግሬ ለአንድ ቃል ጉልበት አጣሁ። ከኋላ ውበቱ ተቀምጧል፤ የአባቱ ልጅ። አዳራሹ ዝምታዬን ሰምቶ የመሰለውን ያዘ። ሴቶቹ «ምን ታድርግ፣ ባሏ ነው» ሲባባሉ ሰማሁ። አዘኑልኝ፤ እያዘኑልኝ ወደ ወንበሬ ተመለስሁ። የሺዋስ ዝምታዬን ምን ብሎ እንደጻፈው ሄጄ አላየሁም።

ስንወጣ የሺዋስ ከበሩ ላይ ጠበቀኝ። «እማማ፣ ይቅርታ፤ ከጠዋት ጀምሮ ስጽፍ ደክሞኝ ነው» አለ። «ሲደክምህ ብዕሩን ለሌላ ስጥ» አልሁት። ክፉ ልጅ አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ሰብሳቢዋ አስተያየቴን በጽሑፍም እንዳስገባ ነግራኝ ነበር፤ ዐሥር ቀን ይቀበላሉ። በሦስተኛው ቀን ጽፌ አስገባሁ። አዋጁ ገና አልጸደቀም። ኮሚቴው ይቀበለው አይቀበለው፣ ምክር ቤቱም ይስማማ አይስማማ የሚነግረኝ የለም። ማንጠግቦሽ «ያንቺ ወረቀት ባሕር ዳር ሄዶ ከጓደኞቹ ጋር ይተኛል» ትላለች። ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በእነሱ ብቻ ተስፋ አያድርጉ። እኔም አላደረግሁም።

ከደብረ ማርቆስ ከውበቱ ጋር በአንድ መኪና ተመለስን። ከወረድን በኋላ፣ «እማ፣ ልጆቼን ምን ላብላቸው?» ብቻ አለኝ። ጥያቄው የእኔው ነበር፤ እኔ በሃያ አንድ ዓመት ያልመለስሁትን ምን ብዬ ልመልስለት? ከዚያ ወዲህ ከቤቴ አልመጣም። ሚስቱም ልጆቹን አትልክም። ብቻ አንድ ነገር አለ። ሰው ሁሉ እርሻ ሲጀምር እሱ በሬዎቹን ወደ ምንጭ ዳር አላወረዳቸውም። መሬቷ እንደ ታጨደች ተቀምጣለች። ተቆጥቶ ይሁን ሌላ ነገር አስቦ አልጠየቅሁትም። በየጠዋቱ ወጥቼ አያታለሁ፤ ሳር ጀምሯታል።

እታለም፣ ለቀበሌውም ለወረዳውም ቃሌን በጽሑፍ ሰጥቻለሁ። ደብተሩን ወስጄ አስረክቤያለሁ፤ ከነፎቶዬ። የውበቱ አባት ድርሻ ግን የልጁም ስለሆነች ነገሩ ገና ይጓተታል፤ እርስዎ ራስዎ ካልቀረቡ ደግሞ አይንቀሳቀስም። ለዚህ ነው የምለምንዎ። የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ቀበሌው ሕዝቡን ከዚያው ከወይራው ሥር ይሰበስባል። ቄሱንም አበባውንም አስፈቅጃለሁ፤ አበባው አርጅቷል፣ ጆሮውም ከድቶታል፤ ሁለት ጊዜ ነገርሁት። እታለም እያልሁ ዋናውን ስምዎን በዚህ ወረቀት ላይ ያልጻፍሁት ረስቼው አይደለም። የተውሁት በአፌ ነውና በአፌ እጠራዋለሁ። አርባ ስድስተኛውን አስቀድሜ፣ የእርስዎን አስከትዬ እጠራለሁ። ቢመጡ አለሁ ይበሉኝ። ባይመጡም እጠራለሁ፤ የሚመልስልኝ ባይኖርም ሰው ይስማው።

ይቅር ይበሉኝ ብዬ አልጽፍም። በደብዳቤ የሚጠየቅ ነገር አይደለም።

እመቤታችን ጉልበትዎን ታጽናልዎ። ለሸሪፋም እግዚአብሔር ቤቷን ይባርክላት፣ ልጆቿን ያሳድግላት። መንገዱን ሰላም ያድርገው፤ የታሰረውን ይፍታ፣ የራቀውን ያቅርብ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ወንድምዎ ሲያርፍ ለቅሶው ላይ አልመጡም። የላከልዎትንም ገብስ ከነጆንያው ሳይፈቱት መልሰውታል። ሰዎች ሲያሙዎት ነበር፤ እኔ አንድ ቀን እንኳ አላማሁዎትም፤ አይችልማ አፌ። በመጨረሻዋ ሳምንቱ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ይል ነበር።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የታጠፈ አሮጌ ወረቀት አለ። ጫፉን አይጥ በልቶታል። ለወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ማመልከቻ ነው፤ የተጻፈው እርስዎ በሄዱ በአራተኛው ወር፣ በሐምሌ ነው። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው፤ ቃሉ የወንድምዎ ነው፤ ምንጭ ዳር በእህቴ ስም ትጻፍልኝ ይላል። እሱ ፊደል አይለይም ነበር፤ ያን እሑድ ከወይራው ሥር የሰማው እርስዎ የሰሙትን ነው። ጽፌ አነበብሁለት። አስገቢው አለኝ፤ አስገብቻለሁ አልሁት። መልስ መጣ ወይ እያለ ሁለት ክረምት ጠየቀኝ። ወረቀቱ ከሣጥኔ ታች ነበር።

ከግርጌው አውራ ጣት አርፎበታል። መሃሉ ላይ አግድም የሚያልፍ መስመር አለ፤ በልጅነቱ ማጭድ የቆረጠው፣ እርስዎ ከነጠላዎ ቀደው ያሰሩለት። ጽሑፉን ሸሪፋ ታንብብልዎ። ለጣቱ አንባቢ አያሻዎትም።

የወንድምዎ ሚስት